ታኮ ጫማ፣ ዊግና ሩጫ፦ ለ17ኛው ጎዳና ማክሰኞ እንዴት ይዘጋጃል?

ከሃሎዊን በፊት በምትውለው ማክሰኞ ማታ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ዱፖንት ሰርክል አጠገብ ያለው 17ኛው ጎዳና ለመኪና ተዘግቶ ለታኮ ጫማ ይከፈታል። እ.ኤ.አ. በ1986 የሰፈሩ መጠጥ ቤት ደንበኞች ለሳቅ የጀመሩት የድራግ ሩጫ ነው፤ ድራግ ማለት ወንዶች በሴት ልብስ፣ ዊግና ሜካፕ አጊጠው የሚታዩበት ትርኢት ነው። ከ2017 ወዲህ ግን የከንቲባዋ ጽሕፈት ቤት ያዘጋጀዋል፤ ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ዳር ቆሞ የሚያይ አባወራም አይጠፋም። ሩጫው ራሱ ጥቂት ብሎክ ነው፤ በደቂቃዎች ያልቃል። ማን አንደኛ እንደወጣ በማግስቱ የሚያስታውስ የለም። ዊጉ መንገድ ላይ የቀረበትን ሰው ግን ዓመቱን ሙሉ ያነሱታል።

ስለዚህ ዝግጅቱ ሁሉ ለአንድ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው፦ ይሄ ነገር ስንቀሳቀስ ይቆይልኛል ወይ? መድረክ ላይ ለአራት ደቂቃ ዘፈን የሚበቃ አለባበስ እዚህ አይበቃም። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሰዓት በብርድ ወዲያ ወዲህ ማለት፣ ፎቶ መነሳት፣ መጨፈር አለ፤ ሩጫው የሚመጣው እግር ከደከመ በኋላ ነው። የዘንድሮውን ሰዓትና ምዝገባ የከንቲባዋ ጽሕፈት ቤት ከሚያወጣው ማስታወቂያ ተመልከቱ። ሰዓቱን ብቻ በአበሻ አቆጣጠር አንብባችሁ ጎዳናው ተጠርጎ እንዳትደርሱ።

ጫማው ሦስት ሳምንት ይፈልጋል

ከቀሚሱም ከዊጉም በፊት ጫማ ግዙ። የአሜሪካ የሴት ቁጥር ከወንዱ በአንድ ተኩል ወይም በሁለት ይበልጣል፤ በወንድ 9 የሚያደርግ ሰው በሴት 10 ተኩል ወይም 11 ይሆነዋል። አገር ቤት እንደለመድነው በአውሮፓ ቁጥር ከሄዳችሁ ግን 42 ያው 42 ነው። ጎኑ ጠበበኝ ብላችሁ ቁጥር አትጨምሩ፤ ሰፊ ተብሎ የተሠራውን ፈልጉ። ቁጥሩ ሲያድግ ተረከዝ ይለቅና እግር ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ጣቶች አፍንጫው ውስጥ ይጨፈለቃሉ፤ ሩጫው ሳይጀመር ጥፍር ይጠቁራል።

የታኮ ቁመት ለብቻው ብዙ አይናገርም። ከፊት ያለው የሶል ውፍረት ይቀነስለታል፦ 13 ሴንቲ ሜትር ታኮ ከፊት 4 ሴንቲ ሜትር ሶል ካለው፣ እግራችሁ የሚያዘነብለው 9 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ጫማ ያህል ነው። ለጀማሪ ይህ ልዩነት ከ7 ባይበልጥ ይመረጣል። ታዲያ ወፍራም ሶል ሁሉንም ነገር ይፈታል ብላችሁ እንዳትሞኙ፤ መሬቱ አይሰማችሁም፣ ትንሽ ጠጠር ስትረግጡ ጫማው ከነእግራችሁ ወደ ጎን ይገለበጣል። ለሩጫ የሚሻለው መካከለኛ ሶል፣ ወፍራም ታኮና ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር ጠፍር ያለው ነው። ጠፍር የሌለው ጫማ አሥር እርምጃ ሳትሮጡ ይለያችኋል።

ከዚያ ልምምዱ። በመጀመሪያው ሳምንት ቤት ውስጥ በቀን 20 ደቂቃ ወፍራም ካልሲ አድርጋችሁ ሰፋ እስኪል ልበሱት፤ ዕቃ እጠቡበት፣ ቡና አፍሉበት። በሁለተኛው ሳምንት ደረጃ ውጡ፣ ውረዱ። በሦስተኛው አስፋልት ላይ ሩጡ፤ ምንጣፍ ላይ የሮጠ እግር አስፋልትን አያውቀውም። አዲስ ሶል ያዳልጣል፤ በብርጭቆ ወረቀት ሸካራ እስኪሆን ፈትጉት። የታኮው ጫፍ ላይ ያለችውን ላስቲክም አትርሱ። ተበልታ ብረቱ ብቅ ካለ በረዶ ላይ እንደመሮጥ ነው፤ ጫማ ሰሪ ዘንድ ወስዳችሁ አስቀይሯት።

ሲሮጥ በታኮው አይታረፍም። በፊት እግር፣ ጉልበትን አጠፍ አድርጎ፣ ሰውነትን ትንሽ ወደ ፊት ሰጥቶ፣ በአጭር በአጭር እርምጃ ነው። እርምጃ ሲረዝም ታኮው ቀድሞ መሬት ይነካል፤ ያኔ ወይ ታኮው ይሰበራል ወይ ቁርጭምጭሚት ይታጠፋል። ዓይን ሦስት አራት ሜትር ወደ ፊት ያለውን መሬት ይይ። ጥቅምት ላይ እርጥብ ቅጠል አለ፣ የፈሰሰ ቢራ አለ፣ የእግረኛ ማቋረጫው ነጭ ቀለም ሲረጥብ ያንሸራትታል፣ የጉድጓድ ክዳኖች ደግሞ ቀጭን ታኮ የሚውጡ ቀዳዳዎች አሏቸው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸንፏል፤ እዚህ ግን ጫማ አውልቆ መሮጥ ጨዋታውን መግደል ነው፤ ተመልካቹ የመጣው ለጫማው ነው።

ፊት

ከቤት ከመውጣታችሁ አራት ሰዓት ቀድማችሁ ጀምሩ። ጺም መላጨት የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ ከተላጩ በኋላ ቆዳው እስኪረጋጋ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይተዋል፤ ትኩስ ቆዳ ላይ ሜካፕ ያቃጥላል፣ ይፈነቅላልም።

ቅንድብ ማጥፋት ከሁሉም ይከብዳል፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈውም እዚሁ ላይ ነው። ቅባት እንዳይኖር በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጥረጉት። የተማሪ ስቲክ ሙጫ ያዙ፤ ሲቀቡት ወይን ጠጅ ሆኖ ሲደርቅ ቀለሙ የሚጠፋውን ዓይነት፣ በውሃ የሚለቀውን። መጀመሪያ ከጸጉሩ አቅጣጫ በተቃራኒ ቀቡ፤ ሙጫው ሥሩ ድረስ የሚገባው እንዲህ ነው። ከዚያ በትንሽ ማበጠሪያ ወደ ላይና ወደ ውጭ አበጥሩት፤ በአሮጌ የባንክ ካርድ ጠርዝ ደፍጥጡት። አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ድገሙ። ሦስት ስስ ድርብ ከአንድ ወፍራም ይሻላል፤ ወፍራሙ ውጭው ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀርና ስትስቁ ይሰነጠቃል። ሲደርቅ በጣት ስትነኩት እንደ ጥፍር ለስላሳ መሆን አለበት። አሁንም የሚቆረቁር ጸጉር ካለ አራተኛ ድርብ ጨምሩ፤ በፋውንዴሽን (ፊት ላይ በሚቀባው ቆዳ መሳይ ክሬም) ልትደብቁት አትሞክሩ፣ የመንገድ መብራት ከጎን ሲመታው ያጋልጠዋል። በመጨረሻ ፓውደር ተጭኖበት ይታተማል።

የኛ ቆዳ ላይ የጺምና የቅንድብ ጥላ ወደ ሰማያዊና ግራጫ ያደላል። ፋውንዴሽን በቀጥታ ቢደረግበት አመድ ይመስላል። መጀመሪያ ብርቱካናማ፣ ጠቆር ላለ ቆዳ ደግሞ ወደ ቀይ የሚሄድ ብርቱካናማ ክሬም ጥላው ላይ ብቻ በስሱ ተጫኑ። አትለቅልቁ፤ በስፖንጅ ነካ ነካ አድርጉት። ከዚያ ነው በክሬም መልክ ያለው ወፍራም ፋውንዴሽን የሚመጣው፤ ጆሮና አንገት አይረሱ። ነጭ ፓውደር የሚመክሯችሁን አትስሙ። በዓይን ሲያዩት ጥሩ ይመስላል፤ ፍላሽ ሲበራ ግን ዱቄት የተደፋበት ፊት ይወጣል። ቢጫ ወይም በቆዳችሁ ቀለም ያለውን ውሰዱ፤ ከዓይን ሥርና ከአገጭ ላይ አሥር ደቂቃ አቆይታችሁ አራግፉት።

አዲሱ ቅንድብ ከተፈጥሮው አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይሣላል። ሰው ሠራሹ ሽፋሽፍት ላይ ሙጫ ከቀባችሁ በኋላ ከ30 እስከ 45 ሰከንድ ጠብቁ፤ እርጥብ እያለ ከተለጠፈ ይንሸራተታል፣ ዓይንም ያቃጥላል። ለብርዱ ምሽት አንድ ጠቃሚ ነገር፦ ነፋስ ዓይን ያስለቅሳል፤ ዓይን ውስጥ የሚገባው ኩል ውሃ የማያስለቅቀው ይሁን።

ዊግ

እዚህ ላይ ሹሩባ የሚችል ሰው ያላችሁ ታድላችኋል። ጸጉሩ ቀጠን ባለ ሹሩባ ወደ ኋላ ከተሠራ ዊጉን የሚይዝ ከዚያ የተሻለ መሠረት የለም፤ ፒኑ የሚነክሰው ነገር ያገኛል። በላዩ የስቶኪንግ ቆብ፣ ከዚያ ዊጉ። ቢያንስ ስምንት ፒን፦ ሁለት በእያንዳንዱ ጆሮ በላይ፣ ሁለት ግንባር ላይ፣ ሁለት ማጅራት ላይ። ፒኖቹን ተሻጋሪ አድርጋችሁ በመስቀለኛ ስኩ፤ ጎን ለጎን የተሰካ ፒን አንድ ላይ ይወጣል። ጸጉራቸው አጭር የሆነ ሰዎች ዊጉ ውስጥ ማጅራት ላይ ሰፋ ያለ ላስቲክ ይስፉበት፤ ግንባርና ጆሮ ግንድ ላይ ደግሞ የዊግ ሙጫ። ጨርሳችሁ አንገታችሁን ወደ ታች ደፍታችሁ እንደ እብድ ነቅንቁት። ከተንቀሳቀሰ አልተሰካም።

ረጅም ዊግ ሲሮጥ አፍ ውስጥ ይገባል፤ የከንፈር ቀለም ላይ ይጣበቅና ጉንጭ ላይ መስመር ያሰምራል። ግማሹን ወደ ኋላ ማሰር ነው።

ዳሌ፣ ወገብ፣ ትንፋሽ

ዳሌ የሚሠራው ከሶፋ ስፖንጅ ነው፤ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ ከ35 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ ቅርጹ እንደ ግማሽ ልብ። መሀሉ ወፍራም ሆኖ ዳር ዳሩ በመቀስ እየተላገ እንደ ወረቀት እስኪሳሳ ይቆረጣል፤ ጠርዙ ካልሳሳ ከታይት ሥር እንደ ደረጃ ይታያል። በላዩ ሦስት ወይም አራት ታይት ይደረባል፣ የመጨረሻው በቆዳ ቀለም። ለመድረክ ስፖንጁ ሳይሰፋ በታይቱ ብቻ ቢያዝ ይበቃል። ለሩጫ አይበቃም፤ ሁለተኛው ብሎክ ላይ አንዱ ዳሌ ወደ ጉልበት ይወርዳል። ጠበቅ ካለ አጭር ታይት ጋር በመርፌ ስፉት። ብልት ጎልቶ እንዳይታይ ከታች የሚደረገው ጠበቅ ያለ የውስጥ ልብስ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ይሁን። በሱ ፋንታ የሚለጠፍ የማሸጊያ ፕላስተር ቆዳ ይገፋል፤ ከዚያም የባሰው ሽንት ቤት መሄድ ያስቸግራልና ሰው ውሃ መጠጣት ያቆማል።

ኮርሴት (ወገብን በገመድ ጠፍሮ የሚያቀጥን ልብስ) የምትለብሱ ከሆነ ከወገባችሁ 5 ሴንቲ ሜትር እስኪቀንስ እንጂ ከዚያ በላይ አታጥብቁት፤ መነሻው መስመር ላይ ስትደርሱም ላላ አድርጉት። ኮርሴት ሆድን ሲይዝ ትንፋሹ ደረት ላይ ብቻ ይቀራል፤ ሩጫ ሲጨመርበት ራስ ያዞራል።

ልብሱና እስክስታው

የአበሻ ቀሚስ ለዚህ ምሽት ያምራል፤ ጥለቱ ከሩቅ ይታያል፣ ነጩ በመንገድ መብራት ይበራል። እንዳለ ግን አይሮጥበትም። ጫፉ መሬት የሚነካ ከሆነ ታኮው ይረግጠውና ጥለቱ ከነጨርቁ ይቀደዳል፤ የእጅ ሥራ ነው፣ ያሳዝናል። ከመሬት 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ወይም ውስጥ ጉልበት አካባቢ ቀለበት ተሰፍቶ በሩጫ ሰዓት በጣት ይነሳ። ነጠላው ትከሻ ላይ በመርፌ ቁልፍ ሁለት ቦታ ይያዝ፤ የለቀቀ ነጠላ ከኋላ የሚመጣውን ሯጭ ይጠልፋል። ሃይማኖት ነክ ነገር፣ የካህን ካባ፣ የታቦት ጃንጥላ፣ መቋሚያ፣ ለዚህ አይሁን። ሕግ ስለከለከለ አይደለም፤ ሳቁ ለእናንተ መሆኑ ቀርቶ በእናታችሁ እምነት ላይ ይሆናል፣ እዚያ ጎዳና ላይ የሚያይ አበሻም አይጠፋም።

እስክስታ የምትመቱ ከሆነ ትከሻ የሌለው ቀሚስ አትልበሱ። የዳንስ ልብስ ሰፊዎች የሚያውቁት የወገብና የእግር እንቅስቃሴን ነው፤ የትከሻ ምት ጡት ላይ ብቻ የተያዘን ልብስ በአሥር ምት ያወርደዋል። ከሲልኮን የተሠራ ጡት ያደረገ ሰው ችግሩ ይብሳል፤ ዕቃው ኪሎዎች ይመዝናል፣ ትከሻ ወደ ፊት ሲመታ እሱ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ሙዚቃውን በግማሽ ምት ዘግይቶ ይከተላል። ጀርባ ላይ በመስቀለኛ የሚሻገር ሰፊ ላስቲክ ይስፉበት። ሰው በሚሰበሰብበት ቦታ ቆማችሁ ሠላሳ ሰከንድ ብቻ ምቱ፤ ከዚያ ተራመዱ። አንድ ቦታ ረጅም ጊዜ ያሳየ ሰው ላቡ ሙጫውን ያስለቅቀዋል፣ ሕዝቡም ይበተናል።

ማን ያያችኋል?

የዋሽንግተን አካባቢ በአሜሪካ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት ነው፤ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች የሚገኙበት ዩ ስትሪትም ከ17ኛው ጎዳና ሩቅ አይደለም። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ደግሞ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ወንጀል ያደርጋል። እዚህ በነፃነት የተነሳ ፎቶ እዚያ ያለ ወንድም፣ እዚያ ያለ ጓደኛ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ይህን ጎዳና ላይ ሆኖ ማሰብ አይቻልም፤ ቤት ውስጥ ይወሰን።

ለዚህች ከተማ ነገሩ አዲስ አይደለም። ሜሪላንድ ውስጥ በባርነት የተወለደው ዊሊያም ዶርሲ ስዋን እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ እዚሁ ዋሽንግተን ወንዶች የሐር ቀሚስ ለብሰው የሚጨፍሩበትን ድግስ ይደግስ ነበር፤ ራሱንም የድራግ ንግሥት ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1888 ፖሊስ ድግሱ ላይ ገብቶ ሰው አሰረ፣ ወሬውም ጋዜጣ ላይ ወጣ። በ1896 ስዋን ተፈርዶበት ሲታሰር ለፕሬዝዳንት ግሮቨር ክሊቭላንድ የይቅርታ ጥያቄ አቀረበ፤ አልተፈቀደለትም። ዛሬ ጋዜጣውን የተካው ስልክ ነው።

እንግዲህ ሦስት ዓይነት መታየት አለ፤ አንዱን ምረጡ። በግልጽ በስሙና በፊቱ የሚወጣ ሰው ለራሱ ባይጨነቅም፣ ፎቶው አገር ቤት ላለ ሰው ሊተርፍ እንደሚችል አስቦበት ይውጣ። በድራግ ስሙ ብቻ የሚወጣ ሰው ከምሽቱ በፊት ስልኩ ላይ ሥራ አለው፦ የድራጉ ገጽ በራሱ ስልክ ቁጥር አይከፈት፣ የስልክ አድራሻዎቹን አያገናኝ፣ ፌስቡክ ላይ ሌሎች ስሙን ሲጠቅሱ መጀመሪያ እሱ እንዲያጸድቅ ይደረግ። ሜካፕ ፊትን ይለውጣል፤ ንቅሳትን፣ የእጅ ጠባሳን፣ የአንገት ሀብልን፣ ድምፅን ግን አይለውጥም። አክስት የምታውቀው በሳቁ ነው። ንቅሳት በፋውንዴሽንና በረጅም ጓንት ይሸፈናል፤ አማርኛ ሲያወሩ የሚቀርጽ ሰው ካለ ዝም ይባላል። ሦስተኛው ምርጫ ፊትን ጨርሶ መሸፈን ነው፤ የሃሎዊን ሰሞን ስለሆነ ጭምብል ማንንም አያስገርምም። ጭምብል ያደረገ ሯጭ ግን ከጎን አያይምና መሀል ሳይሆን ዳር ይዞ ይሩጥ።

አብሯችሁ ከሚመጣው ቡድን ጋር ከቤት ሳትወጡ ተነጋገሩ፦ ማን ይለጥፋል፣ ማን አይለጥፍም፣ ቀጥታ ሥርጭት አለ ወይስ የለም። የማይፈልግ ሰው አንጓው ላይ አንድ ዓይነት ቀለም ክር ይሰር፤ ፎቶ አንሺው በጨለማ ስም ሊያስታውስ አይችልም። የማታውቁት ሰው ፎቶ ሲጠይቅ እሺም እንቢም ማለት ይቻላል፤ በሕዝብ ጎዳና ላይ ሳይጠይቅ የሚያነሳውን ግን አታስቆሙትም፤ ጀርባ መስጠት ይቀላል። የጥገኝነት ጉዳይ በሂደት ላይ ያለው ሰው ምንም ከመለጠፉ በፊት ጠበቃውን ያማክር።

መጓጓዣው ላይም አስቡበት። ዲሲ ውስጥ የታክሲና የኡበር ሹፌር አበሻ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ መተግበሪያው ላይ ያለው ስምና ፎቶ ደግሞ የናንተው ነው። ብዙዎች በአቅራቢያው ጓደኛ ቤት ለብሰው እዚያው የሚያወልቁት ለዚህ ነው። በሜትሮ የምትመጡ ከሆነ ዱፖንት ሰርክል ጣቢያ ሰሜናዊ መውጫ ላይ ያለው ኤስካሌተር 57 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ቀጭን ታኮ ደግሞ የኤስካሌተር ጥርስ ውስጥ ይገባል። እስከ ጎዳናው በጠፍጣፋ ጫማ ኑ፤ ታኮው በቦርሳ ይምጣ።

የመጨረሻው ሰዓትና ከዚያ በኋላ

ፀሐይ በዚያ ሰሞን ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሩብ ገደማ ትጠልቃለች፤ ብርዱ ወዲያው ይገባል። የሚወልቅ ኮት ይዞ የሚቆም አንድ ሰው ከቡድኑ ይመደብ፤ እሱ ቦርሳውን ይይዛል፦ ስስ ሙጫ፣ ስድስት ትርፍ ፒን፣ መርፌ ቁልፍ፣ ፕላስተር፣ ፓውደር፣ ውሃ ከነመጥመጫው፣ ጠፍጣፋ ጫማ። ከሩጫው በፊት ተረከዝና ትንሿ ጣት ላይ ቫዝሊን ይቀባል። ቀድሞ ውሃ የቋጠረ እግር ካለ ግን ቫዝሊን ሳይሆን ወፍራም ፕላስተር ነው፤ አታፍርጡት። አልኮል ከሩጫው በኋላ ይሁን።

መነሻው ላይ ፊት መስመር መቆም የሚፈልጉት ፈጣኖቹ ናቸው። ለመታየት የመጣ ሰው ኋላ ይቁም፤ ፊተኞቹ ካለፉ በኋላ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ካሜራውም እሱን ይጠብቃል። መውደቅ ከመጣ ለመትረፍ አትታገሉ። ጉልበት ታጥፎ በጎን፣ በመቀመጫ በኩል መውደቅ ነው፤ ስፖንጁ አንድ ጊዜ ለሌላ ነገር ይጠቅማል። እጅ ቀድሞ ከተዘረጋ አንጓ ይሰበራል።

ቤት ስትደርሱ ዊጉ መጀመሪያ ይወልቃል፣ ሽፋሽፍት ሁለተኛ። ፊቱን በውሃ ሳይሆን በዘይት ጀምሩ፤ የወይራ ዘይትም ይሆናል፤ ሁለት ደቂቃ አሽታችሁ በጨርቅ ጥረጉ፣ ከዚያ ሳሙና። የቅንድቡን ሙጫ አትላጡት፤ ጸጉሩን ይዞ ይመጣል። ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ፎጣ ለአምስት ደቂቃ ያዙበት፣ ሲለሰልስ በጸጉሩ አቅጣጫ ጥረጉት፣ ካልለቀቀ ድገሙት። ስፖንጁ ላብ ጠጥቷል፤ ከታይቱ ጋር በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ ሁለት ቀን በአየር ይድረቅ፤ እርጥቡን ከታጠፈ በሚቀጥለው ዓመት ሲያወጡት ይሸታል።